«ጤዛ» ፊልም፤ ስለ መሪው ተዋናይ አጨዋወትና ስለ ታሪኩ አቀራረብ

(በመራዊ ከተማ በተደረገ የመምህራን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጆች ስለ አንድ የቤተሰብ ታሪክ ፊልም፣ በተለይም ስለ መሪ ተዋናዩ አጨዋወትና ስለ ታሪኩ አቀራረብ እንድናገር ሲጠይቁኝ የፊልሙን ምርጫ ለኔ ትተውልኝ ነበር። ብዙ ሳላመነታ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» መረጥሁ። ፊልሙ የፖለቲካ ፊልም ነው እየተባለ በሰፊው የተነገረለት ስለ ሆነ የቤተሰብ ታሪክ ብዬ ስጠራው ቅር የሚለው ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋ ይሆናል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር አብዮቱም፣ ስብሰባውም፣ የጀርመን አገሩም ነገር እየራቀ ይሄድና በዓይኔ ላይ የሚቀረው አንዲት እናት፣ ልጆቿ፣ አንድ ጎጆና አንድ ምድጃ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው፦ መሪው ተዋናይ ልጅ ሆኖ በሚታይበት ስፍራ ሁሉ ፊልሙ ከፍ ይላል፤ ምሁር ሆኖ እንዲናገር በሚታዘዝበት ስፍራ ግን ዝቅ ይላል።

ታሪኩ የሚፈጸምበት መንደር በጣና ዳርቻ ነው። የኛ የሜጫ ውኃ፣ ቆጋ ጭምር፣ በግልገል ዓባይ በኩል ዞሮ ዞሮ የሚገባው እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነውና በፊልሙ ውስጥ ሰው የሚናገርበት አንደበት፣ የሚለብሰው ጋቢ፣ የሚያለቅስበትና የሚጸልይበት ሥርዓት ለኛ አስተርጓሚ የሚያሻው አይደለም። ይህም ብርቱ ፈራጆች ያደርገናል። የቬኒስ ዳኞች እ.ኤ.አ. በ2008 ለፊልሙ ልዩ ሽልማታቸውንና የምርጥ የፊልም ድርሰት ሽልማትን ሲሰጡት፣ በዚያው ዓመት በካርቴጅ የወርቅ ታኒት፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የዬኔንጋ የወርቅ ፈረስ ሲሸለም፣ ሸላሚዎቹ ያዩት የአንድ ሩቅ አገር ሐይቅና የአንድ ሩቅ አገር እናት ነበር። እኛ የምናያት የምናውቃትን እናት ነው። ስትዋሽ እንለያታለን፤ ስታስመስልም እናውቅባታለን።

ፊልሙን ላላዩት ታሪኩን ላስታውስ። አንበርብር የተባለ የባላገር ልጅ ወደ ጀርመን ሄዶ ሕክምና ያጠናል፤ በዚያም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በተማሪዎች እንቅስቃሴ ውስጥ ይገባል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ የልብ ወዳጁ ተስፋዬ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ አንበርብርም ይከተለዋል። በአዲስ አበባ ግን ሊያገለግሉት የመጡት አብዮት ፊቱን ያዞርባቸዋል። ተስፋዬ ይገደላል። አንበርብር ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይላክና እዚያ በዘረኞች ጎረምሶች እጅ ወድቆ አካሉን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1990፣ ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። በመንደሩም ሰላም የለም፤ ወታደሮች ለጦርነቱ ልጅ ያድናሉ፤ ልጆቹ በዋሻ ተደብቀው ያድራሉ።

እኔ አሁን በመስመር አሰልፌ ነገርኋችሁ እንጂ ፊልሙ እንዲህ አድርጎ አይነግረውም። የሚጀምረው ከመመለሱ ነው። የቀረው ሁሉ በምልሰት፣ በቅዠት፣ በቁርጥራጭ ትዝታ እየተቆነጠረ ይመጣል። አንበርብር ራሱ እግሩ እንዴት እንደ ሄደ በቅጡ አያስታውስም፤ እሱ ያላስታወሰውን ደግሞ ፊልሙ አስቀድሞ አይነግረንም።

ከተመልካች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ነቀፌታ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። አንዱ «ባለታሪኩ ምን ይሠራል? ተቀምጦ ያያል እንጂ» ይላል። ሌላው «ታሪኩ ዘለለብኝ፤ ከጣና ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ እያለ አደከመኝ» ይላል። ፊልሙ 140 ደቂቃ የሚረዝም ስለ ሆነ ድካሙ እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ሆኖም ሁለቱ ነቀፌታዎች በውስጣቸው አንድ መሆናቸውን ማየት ያሻል፤ አጨዋወቱን ከአተራረኩ ለይቶ መመዘን የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አስቀድመን ስለ ዝምታው እንናገር። ተምሮ የተመለሰ ልጅ በአማርኛ ድርሰት ውስጥ አዲስ እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ውስጥ ከአውሮፓ የተመለሰው አወቀ ስለ ተዝካሩና ስለ ሰርጉ ወግ ከዘመድ ጋር ይከራከራል። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ባለታሪኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ባላገር ገብቶ ያገኘውን ሁሉ በክርክር የሚያጣድፍ ነው። ሁለቱም የሚታወቁት በአንደበታቸው ነው። የተማረ ሰው ማለት የሚናገር ሰው ነው የሚለው እምነት ከዚያ ወዲህ በመድረካችንም በፊልማችንም ላይ ሥር ሰድዶ ኖሯል፤ እኛ መምህራንም ከዚህ እምነት ፈጽመን ነፃ አይደለንም። አንበርብር ይህን መስመር ይቆርጠዋል። ክርክሩን ሁሉ በጀርመንና በአዲስ አበባ ጨርሶ፣ ቃሉ ሁሉ ወዳጁን እንዳላዳነለት አይቶ፣ እናቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ የሚናገረው አልቆበት ነው።

ይህን ሰው የሚጫወተው አሮን አረፈ ነው። ዝምታን መጫወት ከንግግር ይልቅ ይከብዳል። ንግግር ያለው ተዋናይ ቢያንስ ጸሐፊው የሚደግፈው ምርኩዝ አለው፤ ዝም የሚለው ተዋናይ ግን አካሉን ብቻ ይዞ ይቆማል። አሮን የመረጠው መንገድ ቁጥብነት ነው። ሐዘንተኛነቱን ለማሳየት ፊቱን አያጨማድድም፤ አካለ ጎዶሎነቱንም እንደ ልመና አያቀርበውም። የሚያነክሰው የሚታዘንለት ሰው አነካከስ አይደለም፤ መንገዱን ያውቀው የነበረና አሁን እንደገና የሚማረው ሰው አረማመድ ነው። ቅዠት ከእንቅልፉ ሲያባንነው ግን ያ ቁጥብነት ይፈርሳል፤ ቀን የተሸከመውን ሌሊት ሲጥለው እናያለን። የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት የዚህ አጨዋወት ምሰሶ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚህ ላይ አንድ የኛ ሰው ብቻ የሚያየው ነገር ልጨምር። በኛ አገር ከሩቅ የመጣ ሰው ቤት ሲገባ እግሩ ይታጠባል። ልጅም ቢሆን ከሩቅ ከመጣ ይታጠብለታል፤ ያጠበው ሰው ይመርቃል ወይም ይመረቃል። ይህን ልማድ ይዞ ፊልሙን የሚያይ ሰው የአንበርብር እግር መጉደል ከሕክምና ጉዳትነት ያለፈ ነገር ሆኖ ይታየዋል። የጎደለው አካል እናት ልጇን የምትቀበልበት አካል ነው። ኃይሌ ይህን በቃል አላስነገሩትም፤ ተዋናዩም አይጠቁመውም። ለኛ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ አለ።

እናቲቱን የተጫወቱት ወይዘሮ ታከለች በየነ ናቸው። የመሪውን ተዋናይ ዝምታ ዋጋ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ። ልጇ የተማረው ምን እንደ ሆነ አታውቅም፤ የት እንደ ነበረ በስም እንጂ በመልክ አታውቅም፤ የምታውቀው ወልዳ የላከችው ልጅና ተመልሶ የመጣው ሰው አንድ አለመሆናቸውን ነው። ስለዚህ የምታውቀውን መድኃኒት ታደርጋለች፤ ጠበል ትወስደዋለች። ሐኪም የሆነ ሰው ርኩስ መንፈስ እንዲለቅቀው በጠበል ሲመታ የሚታይበት ስፍራ ለሌላ ዳይሬክተር ቢሰጥ በቀላሉ መሳቂያ ወይም የኋላ ቀርነት ማስረጃ ያደርገው ነበር። እዚህ ግን ተዋናዩ አይቃወምም፤ አይንቅምም፤ አምኖም አይገባበትም። እናቱን ላለማሳዘን ራሱን ያስረክባል። ይኸ አቋም የልጅ እንጂ የሐኪም አይደለም። በፊልሙ ውስጥ ካሉት ስፍራዎች ሁሉ አሮን አረፈ ከፍተኛ ማዕርግ ላይ የደረሰው እዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አተራረኩ እንምጣ። ኃይሌ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምረው ቢነግሩን ኖሮ፣ አንበርብር ወደ እናቱ ቤት ሲደርስ እኛ ከእናቱ ይልቅ እናውቀው ነበር። በጀርመን ምን እንደ ደረሰበት፣ ተስፋዬ እንዴት እንደ ሞተ ሁሉ አውቀን፣ ያላወቀችውን እናት ከላይ ሆነን እናዝንላት ነበር። ታሪኩ ከመመለሱ ስለ ጀመረ ግን እኛና እናቲቱ አንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠናል። እሷ የማታውቀውን እኛም አናውቅም። «ምን አደረጉብኝ ልጄን?» የምትለው ጥያቄ የሷ ብቻ ሳትሆን የኛም ጥያቄ ትሆናለች። ስለዚህ «ታሪኩ ዘለለብኝ» የሚለው ተመልካች የተሰማው ግራ መጋባት እናቲቱ የተሰማት ግራ መጋባት ነው።

ይህን ምርጫ ከሌላ ታላቅ ሥራ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ሕንዳዊው ሳትያጂት ራይ እ.ኤ.አ. በ1956 በሠሩት «አፓራጂቶ» በተባለው ፊልም ውስጥ ባላገሩ አፑ ለትምህርት ወደ ካልካታ ይሄዳል፤ እናቱ ሳርባጃያ ብቻዋን ቀርታ ትታመማለች፤ ልጇ ሲደርስ እሷ የለችም። ራይ ታሪኩን ቀጥ አድርገው ነገሩት፤ ስለዚህ ልጁ የማያውቀውን እኛ እናውቃለን። እናቲቱ ስትጠብቅ እናያታለን፤ ልጁ ሲዘገይም እናየዋለን፤ ሕመማችንም ከዚያ ይመጣል። «ጤዛ» በግልባጩ ነው። እናት አለች፤ ልጅም መጥቷል፤ ግን መምጣቱ አልጨረሰም። ራይ ተመልካቹን ከልጁ አስቀድመው አቆሙት፤ ኃይሌ ከእናቲቱ እኩል አቆሙት። የትኛው ይበልጣል ብሎ ማማረጥ አያሻም፤ ነገር ግን የኃይሌ መንገድ ለተዋናዩ የበለጠ ከባድ ነው፤ ምክንያቱን ገና ያላወቅነውን ሕመም በፊቱ አምነን እንድንቀበል ማድረግ አለበትና።

እግረ መንገዴን ስለ ካሜራው አንድ ነገር ላንሣ። ፊልሙን ያነሣው ጣሊያናዊው ማሪዮ ማዚኒ ነው። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1977 በካን የወርቅ ዘንባባ የተሸለመውን የታቪያኒ ወንድማማቾችን «ፓድሬ ፓድሮኔ» አንሥቷል። ያም አባቱ ከትምህርት ቤት አውጥቶ እረኛ ያደረገው፣ በኋላ ግን የቋንቋ ምሁር የሆነ የሰርዲንያ ባላገር ልጅ ታሪክ ነው። ስለዚህ በሚያስተምር ዓለምና በሚያርስ ቤት መካከል የተወጠረን ልጅ ማንሣት ለማዚኒ እንግዳ ነገር አልነበረም። ጣናንም እንደ አገር ጎብኚ ካርድ አላሳየውም። ሐይቁ የሚያምረው አንበርብር ሲያስታውሰው ነው፤ ሲኖርበት ግን ወታደር የሚያልፍበት ዳርቻ ነው።

ሚዛን ሚዛን የሚባለው በሁለቱም በኩል ሲጫን ነውና አሁን ወደ ጉድለቱ ልለፍ። በጀርመን የሚታየው የተማሪዎቹ ክፍል ያለ ርኅራኄ ሊቆረጥ ይችል ነበር። ስለ አብዮት፣ ስለ መደብ፣ ስለ አገር የሚደረገው ክርክር ለዘመኑ ምስክርነት ነው፤ ይህን አልክድም። ዳሩ ግን ክርክሩ የሰዎች መሆኑ ቀርቶ የወረቀት የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንበርብር እዚያ ላይ የደራሲውን ሐሳብ ተሸካሚ ይሆናል፤ ቃሉን ያነባዋል እንጂ አይኖረውም። ያው ተዋናይ፣ ያው ፊት፣ ነገር ግን ያ በጠበሉ ስፍራ ያየነው ክብደት የለም። ልዩነቱ የችሎታ ማነስ አይመስለኝም፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ የሰጡት ሰው ሳይሆን አቋም ስለ ሆነ ነው። ተስፋዬን የተጫወተው አብዬ ተድላ ግን ተናጋሪውን ሰው ሥጋና ደም አልብሶታል፤ በካርቴጅም የረዳት ተዋናይ ሽልማት ያገኘው እሱ ነው። ዳኞች ጩኸትንና ሞትን በቀላሉ ያያሉ፤ ዝምታን ለመሸለም ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያሉ። ይህን የምለው የአብዬን ሥራ ለማሳነስ አይደለም፤ ይገባዋል።

ከዚህ የባሰው ጉድለት የወንድሙ የአያሌው ነገር ነው። አያሌው ያልተማረው ልጅ ነው። እናቱን የጦረ፣ መሬቱን ያረሰ፣ ግብር የከፈለ፣ ስብሰባ የተጠራ፣ ወታደር የተገላመጠበት እሱ ነው። ወንድሙ ባሕር ተሻግሮ ሲማር እሱ ቤቱን ይዞ ቆየ። አሁን ያ ወንድም ተመልሶ እናቲቱ ዓይኗን ከሱ ላይ ስታነሣ የሚሰማው ነገር ለአንድ ትልቅ ታሪክ የሚበቃ ነበር። ፊልሙ ግን ቅሬታውን ካሳየን በኋላ ወደ አንበርብር ትዝታ ይመለሳል። የቀረው ሰው ምን እንደ ከፈለ የሚጠይቅ አንድ ረዘም ያለ ስፍራ ቢኖር ኖሮ፣ ከጀርመኑ ክርክር ግማሹ ቢወጣ ማንም አያዝንም ነበር። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ስንቶቻችን ነን እርሻ ላይ የቀረ ወንድም ያለን?

አዛኑም እንዲሁ ናት። መንደሩ ያገለላት፣ በእናቲቱ ጥላ ሥር የተጠጋች ሴት ናት። እሷና አንበርብር ሲቀራረቡ ሁለት የተሰበሩ ሰዎች መሆናቸው ይታየናል፤ ይሁን እንጂ የሱ ስብራት በሰፊው ሲተረክ የሷ በአጭሩ ይታለፋል። አንድ ነገር ግን ለኃይሌ ልመስክር። አዛኑን የሚታዘንላት ብቻ አላደረጓትም፤ የበደል ሸክም የተሸከመች ሴት አድርገው አቅርበዋታል፤ አንበርብርም ሲቀርባት ፈራጅ ሆኖ አይደለም። ያም እንደገና የዝምታው ፍሬ ነው።

በወታደሮቹና በተደበቁት ልጆች ስፍራ ላይ ጥቂት ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ በመራዊ ቆሞ ይህን ማለፍ አይቻልምና። ፊልሙ እነዚያን እናቶች ሲያሳይ የአንበርብርን እናት ከነሱ ለይቶ አያሳይም። የሷ ልጅ ተመልሷል፤ የሌሎቹ በዋሻ ውስጥ ነው። ደስታዋን በሙሉ ድምፅ ማሰማት አትችልም። ይህች ከተማ በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ምን ዓይነት ሐዘን እንደ ተቀመጠች ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔ ልነግራችሁ አይገባም። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን እንደገና ባየሁት ጊዜ፣ ቀድሞ የታሪክ ዳራ ብዬ አልፌው የነበረው ይህ ክፍል ወደ ፊት መጣብኝ። አሮን አረፈ እዚያም ብዙ አይናገርም። አንድ የተማረ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ በጎረቤት እናት ፊት ምን ሊል እንደሚችል ፊልሙ አያውቅም፤ አውቃለሁም አይልም። እንግዲህ «ባለታሪኩ ምን ይሠራል?» ያለውን ተመልካች እኔ መልሼ የምጠይቀው እዚህ ላይ ነው፦ ምን ይሥራ ትላለህ?

ፊልሙ ሲዘጋ አንበርብር በመንደሩ ትምህርት ቤት በልጆች ፊት ይቆማል፤ አዛኑም ትወልዳለች። ስለ ልደቱ ያለኝ አስተያየት ቁጥብ ነው። ተስፋን በሕፃን መመሰል በፊልም ዓለም የተለመደ መውጫ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ቀላል መውጫ ሁሉ የነፈገን ዳይሬክተር በመጨረሻ አንዱን ሲወስድ ማየት ትንሽ ይከፋል። የትምህርት ቤቱ ግን ሌላ ነው። ተዋናዩ በሰሌዳው ፊት ሲቆም የዳነ ሰው መስሎ አይቆምም። ያው ያነክሳል፤ ያው ሌሊቱ ይጠብቀዋል። ልጆቹ ያዩታል፤ እሱም ያያቸዋል፤ ነገ ከነሱ መካከል ማን በወታደር እንደሚወሰድ አያውቅም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልተናገረው ሰው አሁን ድምፁን የሚያሰማው ለፊደል ነው። ይህን ስፍራ ስለ ሙያችን የቀረበ ውዳሴ አድርጎ የሚወስደው ቢኖር አልቃወመውም፤ እኔ ግን እናቱ ያልጠየቀችውን ጥያቄ ልጆቹ ሊጠይቁት የተዘጋጁበት ስፍራ አድርጌ አየዋለሁ።

የተሰጠኝ ሰዓት ስላለቀ የቀረውን ለውይይት እተዋለሁ። በተለይ ስለ አያሌው የተናገርሁትን የሚቃወም ሰው ካለ ለመስማት እጓጓለሁ።